መንገድ ስለሚለቁ ድልድዮች

ድልድይ ማለት ሰውና ከብት፣ ጋሪና መኪና ወንዝን ወይም ገደልን ያለ ፍርሃት እንዲሻገሩበት የተሠራ መንገድ ነው። የድልድይ ክብሩ ጸንቶ መቆሙ ነው። ጐርፍ ሲመጣ የማይናወጥ፣ ጭነት ሲበዛበት የማይጐብጥ ድልድይ መልካም ድልድይ ይባላል። ስለዚህ ብልህ ሠሪ ድልድይን ሲሠራ መሠረቱን በዐለት ላይ ያደርጋል፤ ምሰሶውንም በድንጋይና በብረት ያጸናዋል።

ነገር ግን በዓለም ላይ ሌላ ዓይነት ድልድይ አለ። ይህ ድልድይ ጊዜው ሲደርስ ከቦታው ይነሣል፣ ወይም ይዞራል፣ ወይም ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሥራውንም ከፈጸመ በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን የሰማ ሰው፦ «የሚንቀሳቀስ ከሆነ ምን ድልድይ ይባላል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የተገባ ነው። መልሱን ለማግኘት አስቀድመን ድልድዩ የሚንቀሳቀስበትን ምክንያት እንመርምር፤ ከዚያም በኋላ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ እንማር። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ድልድይ ስለ ምን ይንቀሳቀሳል

በብዙ አገር ታላቅ ወንዝ የሁለት ዓይነት መንገደኞች መንገድ ነው። አንደኛው ከዳር ወደ ዳር የሚሻገረው እግረኛና ባለ መኪና ነው። ሁለተኛው ከባሕር ወደ ከተማ፣ ከከተማም ወደ ባሕር በውኃው ላይ የሚመላለሰው መርከበኛ ነው። የመርከብ ምሰሶ ከረጅም ዛፍ ይበልጣል። ድልድዩ ዝቅ ብሎ ቢሠራ መርከቡ ከበታቹ ሊያልፍ አይችልም። ድልድዩ እጅግ ከፍ ብሎ ቢሠራ ደግሞ ጋሪውና መኪናው ወደዚያ የሚወጣበት ረጅም አቀበት ያስፈልገዋል፤ በከተማ መካከል እንዲህ ያለውን አቀበት ለመሥራት ብዙ ቤት ማፍረስ ግድ ይሆናል።

እንግዲህ እግረኛው ድልድይ ይሻል፤ መርከበኛው ድልድይ እንዳይኖር ይሻል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እግረኛው ድልድይ ካላገኘ ብዙ ሰዓት ዞሮ ይሄዳል፤ መርከበኛው መንገድ ካላገኘ እህሉና ዕቃው ከከተማ አይደርስም። የሚንቀሳቀስ ድልድይ የተሠራው እነዚህን ሁለት ባለ ጉዳዮች ለማስታረቅ ነው። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያም ተራው ይለወጣል።

በአገራችን ዓባይ በጥልቅ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከባሕር የሚመጣ መርከብም አይመላለስበትም። ስለዚህ በላዩ የተሠሩት ድልድዮች መንገድ እንዲለቁ የሚጠይቃቸው የለም። የምንነግራችሁ ድልድዮች ግን መርከብ በከተማ መካከል በሚያልፍበት አገር ያሉ ናቸው።

ከባድ ነገር በሚዛን እንደሚነሣ

የድልድይ አካል እጅግ ከባድ ነው። አንድ ቶን 10 ኩንታል ነው፤ አንዳንዱ የሚንቀሳቀስ ድልድይ ግን ከ1000 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ይህም ከ10000 ኩንታል በላይ ማለት ነው። ይህን ያህል ክብደት በጕልበት ብቻ ለማንሣት ቢፈለግ ድካሙና ወጪው ከጥቅሙ ይበልጥ ነበረ። ስለዚህ ሠሪዎቹ በጕልበት ፈንታ በሚዛን ተጠቀሙ።

ይህ እንዲገባችሁ ሁለት ልጆች አንድ ረጅም ሳንቃ በግንድ ላይ አጋድመው በሁለቱ ጫፍ እንደ ተቀመጡ አስቡ። ክብደታቸው ትክክል ከሆነ ሳንቃው ወደ አንዱም ወደ ሌላውም አያደላም። ያን ጊዜ ሦስተኛ ልጅ መጥቶ አንዱን ጫፍ በእጁ ቀስ ብሎ ቢጫነው ሌላው ጫፍ ከነተቀመጠበት ልጅ ወደ ላይ ይነሣል። የተነሣው ልጅ ከባድ ነው፤ ያነሣው ግን የጓደኛው ክብደት እንጂ የጫነው እጅ ብቻ አይደለም።

ሌላም ነገር አስተውሉ። ክብደቱ 20 ኪሎ የሆነ ልጅ ከግንዱ 2 ሜትር ርቆ ቢቀመጥ፣ ክብደቱ 40 ኪሎ የሆነ ልጅ ደግሞ 1 ሜትር ብቻ ርቆ ቢቀመጥ፣ ሳንቃው ትክክል ይሆናል። 20 በ2 ሲባዛ 40 ነው፤ 40 በ1 ሲባዛም 40 ነውና። ስለዚህ አጭርና ከባድ የሆነ ነገር ረጅምና ቀላል የሆነውን ነገር ሊያመዛዝነው ይችላል። ይህን ሕግ የያዘ ሰው የሚንቀሳቀሱትን ድልድዮች ሁሉ ለመረዳት ቍልፉን አግኝቷል።

የሚነሣ ድልድይ

የመጀመሪያው ዓይነት አንደኛው ጫፉ በቦታው ሆኖ ሌላው ጫፉ ወደ ላይ የሚነሣ ድልድይ ነው። በቀድሞ ዘመን የኤውሮፓ መኳንንት ግንባቸውን በጥልቅ ቦይ ይከብቡት ነበረ። በቦዩ ላይ ከበሩ ፊት የእንጨት ድልድይ ያደርጉ ነበረ፤ ጠላትም በመጣ ጊዜ ጠባቂዎቹ ድልድዩን በሰንሰለት ጐትተው ያነሡት ነበረ። የተነሣውም ድልድይ በበሩ ላይ እንደ ሁለተኛ መዝጊያ ይሆን ነበረ። ያ ድልድይ የሚነሣው ሰውን ለመከልከል ነበረ። ዛሬ በወንዝ ላይ ያለው ድልድይ ግን የሚነሣው ሌላውን ለማሳለፍ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ በቴምዝ ወንዝ ላይ ያለው ታወር ብሪጅ ነው። ትርጓሜውም የግንብ ድልድይ ማለት ነው፤ ይህን ስም ያገኘው በአጠገቡ ካለው ከጥንቱ የሎንዶን ግንብ ነው። በዚያ ዘመን የከተማው ምሥራቃዊ ወገን ሕዝቡ በዝቶ ነበረና መሻገሪያ አጥቶ ይቸገር ነበረ። መርከቦቹ ግን ዕቃቸውን የሚያራግፉበት ወደብ ከዚያ በላይ ስለ ነበረ መንገዳቸው እንዳይዘጋ ፈሩ። በ1876 ይህን የሚመረምር ጉባኤ ተሰበሰበ፤ ከ50 የሚበልጥ ልዩ ልዩ የድልድይ ሥዕልም ቀረበ። በመጨረሻ የተመረጠው የሆሬስ ጆንስና የጆን ዎልፍ ባሪ አሳብ ነው። ሥራው በ1886 ተጀመረ። ጆንስ በ1887 ስለ ሞተ ፍጻሜውን አላየም፤ ባሪ ግን ሥራውን ቀጥሎ ድልድዩ በ1894 ተመረቀ።

ድልድዩ እያንዳንዳቸው 65 ሜትር ከፍታ ያላቸው ሁለት ግንቦች አሉት። በግንቦቹ መካከል ያለው መንገድ 61 ሜትር ይሆናል፤ እርሱም እንደ ሁለት የበር መዝጊያ ከመካከሉ የሚከፈት ነው። እያንዳንዱ ክንፍ ከ1000 ቶን በላይ ይመዝናል። በወፍራም የብረት ዘንግ ላይ ተደግፎ ረጅሙ ወገን በውኃው ላይ ይዘረጋል፤ አጭሩ ወገን ወደ ኋላ በግንቡ ሥር ይገባል። በዚህ በአጭሩ ወገን ላይ ብረትና እርሳስ ተጭኖበታል። ከላይ እንደ ተናገርነው እንደ ሳንቃው ልጆች፣ አጭሩና ከባዱ ወገን ረጅሙን ያመዛዝነዋል። ክንፉ ሲነሣ የኋላው ወገን በግንቡ ሥር ወደ ተሠራለት ሰፊ ጕድጓድ ይወርዳል። ድልድዩ ፈጽሞ ሲከፈት ክንፎቹ ቀጥ ብለው ሊቆሙ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በ86 ዲግሪ ላይ ይቆማሉ።

ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ ክንፉን የሚያንቀሳቅሰው ጥርስ ያለው መንኰራኵር ነው። መንኰራኵሩን ለማዞር በመጀመሪያ የውኃ ግፊት ይሠራበት ነበረ። የእንፋሎት መኪና ውኃውን እየገፋ ከታላቅ ክብደት በታች ያጠራቅመው ነበረ። ድልድዩ የሚነሣበት ሰዓት ሲደርስ በክብደቱ የተጨነቀው ውኃ በቧንቧ ሮጦ መኪናውን ያዞር ነበረ። ይህም ገበሬ በመከር ጊዜ እህሉን በጐተራ አከማችቶ በክረምት እንደሚመገበው ያለ ነው፤ ኃይልም እንደ እህል ሊጠራቀም ይችላልና። ከ1976 ጀምሮ ግን ድልድዩ በዘይት ግፊትና በኤሌክትሪክ ይሠራል። ዛሬም በዓመት 800 ጊዜ ያህል ይነሣል።

በግንቦቹ ጫፍ መካከል ደግሞ ከፍ ያለ የእግር መንገድ ተሠርቶ ነበረ። ድልድዩ ሲነሣ እግረኞች ደረጃውን ወጥተው በዚያ እንዲሻገሩ ታስቦ ነው። ነገር ግን ሰዎቹ ደረጃውን ከመውጣት ይልቅ ታች ቆመው ድልድዩ እስኪመለስ መጠበቅን ወደዱ፤ የሚሄድበትም ሰው ስለ አነሰ በ1910 ተዘጋ። በ1982 ለጐብኚዎች እንደ ገና ተከፍቷል።

የሚዞር ድልድይ

ሁለተኛው ዓይነት ወደ ላይ ሳይነሣ በቦታው የሚዞር ድልድይ ነው። የወፍጮ ድንጋይ በእምብርቱ ላይ እንደሚዞር፣ ይህም ድልድይ በወንዙ መካከል በተሠራ ጽኑ መሠረት ላይ ይዞራል። ሲዘጋ ከዳር እስከ ዳር ተጋድሞ ሰው ያሻግራል። ሲከፈት ግን ርዝመቱን ከወንዙ ጋር አስተካክሎ ይቆማል፤ መርከቦቹም በግራና በቀኝ ያልፋሉ። ሁለቱ ክንዶቹ እኩል ስለሆኑ አንዱ ክንድ ለሌላው ሚዛን ይሆነዋል። ክብደቱም ሁሉ በመካከለኛው መሠረት ላይ ስለሚያርፍ ለማዞር ብዙ ኃይል አይፈልግም። ጥቅሙ በላዩ ምንም ስለሌለ የመርከቡ ምሰሶ የፈለገውን ያህል ቢረዝም አለመከልከሉ ነው። ጕዳቱ መካከለኛው መሠረት ከውኃው መንገድ ጥቂቱን መውሰዱ ነው።

በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ አጠገብ ባርተን በሚባል ስፍራ እጅግ የሚያስደንቅ ዟሪ ድልድይ አለ። በላዩ የሚያልፈው ሰውና ጋሪ አይደለም፤ ውኃ ነው። በዚያ ስፍራ ሁለት ቦዮች ይገናኛሉ፤ አንዱ ከታች ሆኖ ታላላቅ መርከቦች ይሄዱበታል፤ ሁለተኛው ከላይ ሆኖ ትናንሽ ጀልባዎች ይሄዱበታል። የላይኛው ቦይ የታችኛውን የሚሻገረው በብረት ገንዳ ውስጥ ነው። ታላቅ መርከብ ከታች ሲመጣ የገንዳው ሁለት ጫፎች በመዝጊያ ይዘጋሉ፤ ገንዳውም ውኃውን እንደ ያዘ በመካከለኛው መሠረት ላይ ይዞራል። ክብደቱ 1450 ቶን ያህል ነው፤ ከዚህም 800 ቶን ያህሉ ውኃ ነው። ይህም ድልድይ ሥራውን የጀመረው በ1894 ነው።

በግብፅ አገር ደግሞ በስዌዝ ቦይ ላይ ኤል ፈርዳን በሚባል ስፍራ በ2001 ለባቡር የሚሆን ዟሪ ድልድይ ተሠራ። ሁለቱ ክንዶች ከሁለቱ ዳር እየዞሩ መጥተው በቦዩ መካከል ይገጥሙ ዘንድ ተደርጓል። ክንዶቹ በሚዞሩባቸው በሁለቱ መሠረቶች መካከል ያለው ርቀት 340 ሜትር ነው፤ ሲሠራም ከዓለም ዟሪ ድልድዮች ሁሉ ረጅሙ ሆነ።

ቀጥ ብሎ የሚወጣ ድልድይ

ሦስተኛው ዓይነት ተጋድሞ እንዳለ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ ድልድይ ነው። በመዘውር ላይ ገመድ አድርጎ በአንዱ ጫፍ ባልዲ፣ በሌላው ጫፍ ድንጋይ የሚያስር ሰው ቢኖር፣ ድንጋዩ ሲወርድ ባልዲው ይወጣል። ይህም ድልድይ እንዲሁ ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ረጃጅም ግንቦች ይቆማሉ፤ በግንቦቹ ጫፍ መዘውሮች አሉ። በመዘውሮቹ ላይ የሚያልፈው የብረት ገመድ አንደኛው ጫፉ በድልድዩ ላይ ታስሯል፤ በሁለተኛው ጫፉ የድልድዩን ያህል የሚመዝን ክብደት ተንጠልጥሏል። ክብደቱ ሲወርድ ድልድዩ ይወጣል፤ ክብደቱ ሲወጣ ድልድዩ ይወርዳል።

በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ዋዴል የተባለ መሐንዲስ እንዲህ ያለውን ትልቅ ድልድይ በ1894 ሠርቶ ነበረ። ርዝመቱ 40 ሜትር ያህል ነበረ፤ ወደ ላይ ሲወጣም በውኃውና በድልድዩ መካከል 47 ሜትር ያህል ክፍት ይሆን ነበረ። በ1930ዎቹ ዓመታት ፈርሷል፤ በእርሱ አምሳል የተሠሩት ግን በብዙ አገር አሉ። የዚህ ዓይነት ጥቅሙ እጅግ ከባድ የሆነውን የባቡር መንገድ እንኳ ለመሸከም መቻሉ ነው። ጕዳቱ ከግንቦቹ ከፍታ በላይ ለሚረዝም መርከብ መንገድ ሊሰጥ አለመቻሉ ነው።

እነሆ፣ የሎንዶኑ ተነሺ፣ የባርተኑ ዟሪ፣ የቺካጎውም ቀጥ ብሎ የሚወጣ ድልድይ ሦስቱም በአንድ ዓመት በ1894 ሥራቸውን ጀመሩ። መልካቸው ልዩ ልዩ ነው፤ የሚዛናቸው ሕግ ግን አንድ ነው።

ሌሎች የድልድይ ዓይነቶች

ከእነዚህ ከሦስቱ ሌላ ደግሞ ጥቂት ዓይነቶች አሉ። በስጳኝ አገር በኔርቪዮን ወንዝ መግቢያ በ1893 የተሠራ ድልድይ አለ። 160 ሜትር የሚረዝም የብረት አካሉ በውኃው ላይ በ45 ሜትር ከፍታ ተጋድሟል። ሰው ግን የሚሻገረው በብረት ገመድ ከላይ በተንጠለጠለ ክፍል ውስጥ ነው፤ ያም ክፍል ሰዎችንና መኪናዎችን ይዞ በውኃው ላይ ከዳር ወደ ዳር ይሄዳል። ክፍሉ ወደ ዳር ሲደርስ ወንዙ ለመርከቦች ክፍት ይሆናል።

በካሪቢያን ባሕር ባለችው በኩራሳዎ ደሴት ደግሞ በ1888 ተንሳፋፊ ድልድይ ተሠራ። መንገዱ የተዘረጋው በተደረደሩ ጀልባዎች ላይ ነው። መርከብ ሲመጣ አንደኛው ጫፉ በዳር እንደ ተያዘ ሌላው ጫፍ በሞተር ኃይል እየተገፋ ድልድዩ ሁሉ እንደ በር ይከፈታል። በቀድሞ ጊዜ በዚህ ድልድይ ለሚሻገር ሰው ቀረጥ ነበረበት፤ ጫማ ያደረገ ይከፍላል፤ ባዶ እግሩን የሆነ ግን በነጻ ያልፋል። ይህም ለድሀ ታዝኖ ነው። ነገር ግን ድሀው እንዳያፍር ጫማ ተውሶ ይከፍል፣ ባለጠጋው ግን ገንዘቡን ሊያተርፍ ጫማውን አውልቆ ያልፍ ነበረ ይባላል። ቀረጡ በ1934 ቀርቷል።

በእንግሊዝ አገር በታይን ወንዝ ላይ በ2001 ለእግረኛና ለብስክሌት የተከፈተ ሌላ ድልድይ አለ። እርሱ የተጋደመ ቅስትና የቆመ ቅስት በሁለቱ ጫፎቻቸው የተያያዙ ናቸው። መርከብ ሲመጣ የቆመው ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ የተጋደመውም በ40 ዲግሪ ወደ ላይ ይነሣል። ሲያዩት ዐይን ተከድኖ የሚከፈት ይመስላል። ሰዎች በመንገዱ ላይ የጣሉት ጥራጊ ድልድዩ ባዘነበለ ቍጥር ተንከባሎ በጫፉ ወደ ተዘጋጀለት ማጠራቀሚያ ይገባል።

ሚዛን ሲጐድል

ሚዛን ለድልድዩ እንዲህ የሚጠቅም ከሆነ፣ ሚዛን ሲጐድል ምን ይደርሳል? በ1992 በመስከረም ወር በቺካጎ ከተማ በታላቁ ጐዳና ላይ ያለ ተነሺ ድልድይ ይጠገን ነበረ። ለጥገናው ከፊተኛው ወገን ብዙ ክብደት ስለ ተነሣለት ያ ወገን ቀለለ፤ የኋለኛው የሚዛን ክብደት ግን እንደ ነበረ ቀረ። አንድ ቀን ከበድ ያለው የኋለኛው ወገን በድንገት ወደ ታች ወረደ፤ ክንፉም ማንም ሳያዝዘው ወደ ላይ ተወረወረ፤ ሰዎችም ቈሰሉ። ሳንቃው ላይ ከተቀመጡት ልጆች አንዱ ሳይናገር ዘሎ ቢወርድ ጓደኛው በምድር ላይ እንደሚወድቅ፣ ነገሩ እንዲሁ ነው። ከአንዱ ወገን የሚቀንስ ሰው ሌላውን ወገን ሊያስብ ይገባዋል።

ምልክትን ስለ ማክበር

የሚንቀሳቀስ ድልድይ ሌላ አደጋ አለው፤ ይኸውም በተከፈተ ጊዜ መንገዱ ገደል መሆኑ ነው። ስለዚህ በድልድዩ ዳር ጠባቂ፣ ደወል፣ መብራትና መዝጊያ ይደረጋል። ብረቱ ምንም ቢጸና፣ ጠባቂው ካልተጋ ወይም መንገደኛው ምልክቱን ካልተመለከተ፣ ጥንካሬው ብቻ ሰውን አያድንም።

በ1853 በግንቦት ወር በአሜሪካ በኮነቲከት ክፍል ኖርዎክ በሚባል ከተማ ዟሪ የባቡር ድልድይ ነበረ። በምሰሶ ላይ ቀይ ኳስ ይሰቀል ነበረ፤ ኳሱ ከፍ ብሎ ሲታይ መንገዱ ደኅና ነው፤ ኳሱ ሲወርድ ግን ድልድዩ ተከፍቷልና ባቡሩ መቆም አለበት። በዚያ ቀን መርከብ ስለሚያልፍ ድልድዩ ተከፍቶ ነበረ፤ ኳሱም ወርዶ ነበረ። የባቡሩ ነጂ ግን ምልክቱን በጊዜው ሳይመለከት በፍጥነት መጣ። ገደሉን ባየ ጊዜ ለማቆም አልቻለም፤ ባቡሩም ወደ ወንዙ ገባ፤ ከ40 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። ከዚህ በኋላ በዚያ አገር ባቡር ሁሉ ከሚከፈት ድልድይ ፊት ሲደርስ ፈጽሞ እንዲቆም በሕግ ታዘዘ። ወደ ላይ አንድ ጊዜ መመልከት ምንም ድካም የለበትም፤ አለመመልከቱ ግን የዚያን ያህል ነፍስ አጠፋ።

በሎንዶኑም ድልድይ በ1952 በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ላይ እንዲሁ ያለ አደጋ ሊሆን ነበረ። በዚያን ጊዜ ድልድዩ ከመነሣቱ በፊት ጠባቂው ደወል መትቶ መዝጊያውን ይዘጋ ነበረ። በዚያ ምሽት ግን በመደበኛው ጠባቂ ፈንታ ሌላ ሰው ቆሞ ነበረና ይህ ሥርዓት ጐደለ። አልበርት ጉንተር የተባለ ነጂ 20 ሰዎች አሳፍሮ አውቶቡሱን ሲነዳ፣ ያለበት ክንፍ ከበታቹ መነሣት ጀመረ። ቢቆም መኪናው ወደ ውኃው ሊወድቅ ነው። እርሱ ግን ሳይደነግጥ ፍጥነት ጨመረ፤ አውቶቡሱም ክፍተቱን ዘሎ ገና ባልተነሣው በሁለተኛው ክንፍ ላይ አረፈ። ማንም አልሞተም፤ ነጂውም ስለ ብልኃቱ 10 ፓውንድ ተሸለመ። የነጂው ጀግንነት የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ደወሉ በጊዜው ተደውሎ ቢሆን ኖሮ ጀግንነት ባላስፈለገም ነበረ። ትንሽ ሥራ በታማኝነት ሲፈጸም ብዙ ሰው ሳያውቀው ከሞት ይድናል።

ተራን ስለ መጠበቅ

በዚሁ ድልድይ ላይ በ1997 በግንቦት ወር ሌላ ነገር ሆነ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ከእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ከቶኒ ብሌር ጋር በድልድዩ አቅራቢያ ምሳ በልተው ነበረ። ግላዲስ የምትባል አንዲት የሸራ ጀልባ ደግሞ ድልድዩ እንዲከፈትላት አስቀድማ ሰዓት ይዛ ነበረ። ጀልባይቱም በሰዓትዋ ደረሰች፤ ድልድዩም ተነሣላት። በዚህ ጊዜ የፕሬዚዳንቱ አጃቢ መኪናዎች ሁለት ወገን ሆነው ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ከወዲያ፣ ግማሾቹ ከወዲህ ቀርተው ጀልባይቱ እስክታልፍ ቆሙ። በዚያ ስፍራ ሕጉ፣ አስቀድሞ ላስታወቀ መርከብ ድልድዩ ይከፈታል የሚል ነውና፣ ታላቁም ታናሹም ለዚህ ሕግ ይታዘዛሉ።

እንግዲህ በመጀመሪያ፦ «የሚንቀሳቀስ ከሆነ ምን ድልድይ ይባላል?» ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። በእውነት ድልድይ ነው። የሚንቀሳቀሰው ክንፉ ነው እንጂ መሠረቱ አይደለም። መሠረቱ በውኃው ሥር በዐለት ላይ እንደ ጸና ስለሚኖር፣ ክንፉ ያለ ፍርሃት ይነሣል፤ ያለ ስሕተትም ወደ ቦታው ይመለሳል። መሠረቱ የላላ ድልድይ ሊነሣ ቢሞክር ይፈርሳል።

ሰውም እንዲሁ ነው። በጠባብ መንገድ ወይም በበር ላይ ሁለት ሰዎች በተገናኙ ጊዜ፣ ለጓደኛው መንገድ የሚለቅ ሰው ተሸነፈ አይባልም፤ ቦታውን አላጣምና። ይልቁንም ሁለቱ እየተጋፉ ቢቆሙ ሁለቱም አያልፉም። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለ፣ ተራውን የማይጠብቅ ሰው ያተረፈው ጊዜ ከጠፋበት ጊዜ ያነሰ ይሆናል። ልጆች ሆይ፣ እናንተም ከትምህርት ቤት ስትወጡ በበሩ ላይ አትጋፉ። የዘብነት ተራ ወይም ትንሽ ሥራ ሲሰጣችሁ ደወሉን በሰዓቱ ደውሉ። ጠባይዋን እንደ መሠረት ያጸናች ነፍስ፣ እጅዋን ለሌላው ለመዘርጋት አትፈራም።